ሦስት ላይ ያቁሙ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ አባቴን ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኝ የነርቭ ሐኪም ይዤ በተመላለስኩበት ጊዜ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው አባቴ ስለታመሙ ብቻ አይደለም። እበላበታለሁ የምለው የገዛ ሙያዬ በሰው ፊት ስላጋለጠኝም ነው። ዛሬም ሠርግ ቤት ሰው ሲያጨበጭብ ሳላውቀው እቆጥራለሁ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ አካባቢ ካለው አፓርታማዬ ሳልወጣ፣ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ ወገኖቻችንን ከየስቴቱ ሐኪሞች ጋር በስልክ አገናኛለሁ። የሥራው ሕግ አጭር ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ ክፍሉ ውስጥ የሰማኸውን ሁሉ ተርጉም። በሽተኛው ሐኪሙን ከተሳደበ ስድቡ ይተረጎማል። ባልና ሚስት ሲንሾካሾኩ ከሰማህ ሹክሹክታውም ይተረጎማል። አዲስ ለሚገቡት ሥልጠና ስሰጥ "ማዘን የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ መናገር ነው" እላቸው ነበር። እንዲህ ስል ደግሞ ለራሴ ደስ ይለኛል። ይለኝ ነበር ልበል።

አባ (አባቴን የምጠራቸው እንዲህ ነው) በደሴ ከተማ ስማቸው የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አሁን የሚኖሩት ከእኔና እዚሁ ከተወለደችው ልጄ ከሰሚራ ጋር ነው። ሰሚራ ኮሌጅ ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ለአያቷ ስትሆን ግን ሁለቱን እንደምንም ታጣምራለች።

አባ እዚህ አገር ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበት አንድ ነገር አለ፤ የዜግነት ፈተናውን። ጥያቄዎቹን በቃላቸው አጥንተው በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ። አስጠኚዋ እኔ ነበርኩ። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም። "የእኛ ሕንፃ ውስጥ ሁለቴ የወደቀ አለ" ይሉና ኮፊያቸውን አስተካክለው "እኔ ግን ወድቄ አላውቅም፤ በአንዴ ነው ያለፍኩት" ይላሉ።

እኒህ ወድቀው የማያውቁት ሰውዬ መውደቅ ጀመሩ። አወዳደቃቸው ደግሞ እንደ ሰው አይደለም። ሰው ሲደናቀፍ ወደ ፊት ይወድቃል፤ እሳቸው ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ መጥረጊያ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ነው። ሾርባ ደረታቸው ላይ ይፈሳል። ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻዋን እግራቸው ይስታታል። ዓይናቸው ፈጥጦ ሁልጊዜ አንድ ነገር የገረማቸው ይመስላሉ።

"አባ፣ ምን ገረመዎት?" እላለሁ።

"ምንም አልገረመኝም" ይላሉ፣ በዚያው በገረመው ፊት።

የቤተሰብ ሐኪማችን ፓርኪንሰን ነው ብሎ ኪኒን አዘዘ። ኪኒኑን ወራት ቢወስዱት የውሃ ያህል እንኳ አልሠራም። ያኔ ነው ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለችው ስፔሻሊስት የተላክነው።

እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ የተነገረኝ ዘመድ ማስተርጎም እንደማይችል ነው። ይህንን ሕግ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ዶክተሯ ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጣ አስተርጓሚ አስጠራች። አንድ ወንድ መጣ፤ መለያ ቁጥሩን ተናገረ። ድምፁ ረጋ ያለ፣ አማርኛው የጠራ፣ ጥንቁቅ። ከእኔ ይሻላል። ይሄም አናደደኝ።

"እንዴት ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"መራመድ ያስቸግርዎታል?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ሲውጡ ትን ይልዎታል?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ሰውየው ሦስቱንም ጊዜ "ለአላህ ምስጋና ይግባው" ብሎ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመ። ዶክተሯ እንዲህ ያለ ደስተኛ በሽተኛ ገጥሟት የማያውቅ መሰለች። መውደቃቸውን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ገና እውነተኛ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። "ሦስት ጊዜ፣ ቶሎ ቶሎ ያጨብጭቡ" ተባሉ። አባ አጨበጨቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... እጃቸው አልቆመም። ዘጠኝ ላይ ዶክተሯ በቀስታ ያዘቻቸው፤ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራም አንድ ነገር ጻፈች።

በመጨረሻ ስለ አንድ በሽታ አነሳች። ስሙ ረጅም ስለሆነ እነሱም አሳጥረው ፒኤስፒ ነው የሚሉት። ከፓርኪንሰን ጋር የሚመሳሰል፣ ግን ብዙ ሰው የማይዘው፣ ዓይንን ወደ ታች ማየት የሚከለክል፣ ሰውን ወደ ኋላ የሚጥል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። "ፖሲብል ነው" አለች። አስተርጓሚውም "ሊሆን ይችላል" አለ። ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስል አዘዘችና ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ ተባልን።

መኪና ውስጥ ስገባ በንዴት ቀበቶዬን ማሠር አቃተኝ።

"መንዙማ ላይ ላደገ የወሎ ሰው 'ሦስት ጊዜ ብቻ አጨብጭብ' ይባላል? አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል? ይሄን ሳያውቁ ነው ሰውን በሽተኛ የሚሉት!" እያልኩ ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና በሙሉ ብቻዬን አወራሁ። አባ ከጎኔ ፈጥጠው መንገዱን ያያሉ። አብራን የመጣችው ሰሚራ ከኋላ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች።

"ማም፣ ክራይቴሪያ አለው" አለች።

"የምን?"

"የበሽታው። ሊስት ነው። ትንሽ ካሟላ ፖሲብል፣ ብዙ ካሟላ ፕሮባብል።"

ይቺ ክራይቴሪያ የምትባል ነገር፣ መስፈርት ማለት ናት፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። አስቡት እስቲ፣ እኔ እዚህ አገር መስፈርት ለማሟላት ያልደከምኩበት ቀን የለም። ለዲቪ መስፈርት፣ ለቤት መስፈርት፣ ሜዲኬድ ለሚባለው ለአባ የመንግሥት ሕክምና መስፈርት። አንዷ ወረቀት ከጎደለች አይሰጡህም። ታዲያ ለበሽታውም መስፈርት ካለው፣ አለማሟላት ነዋ! ካላሟላን አይሰጡንም። ወላሂ እንደዚህ ነው ያሰብኩት። የተማርኩ ሴት ነኝ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ የሕክምና ቃል የተረጎምኩ፣ ግን እንደዚህ ነው ያሰብኩት።

በማግስቱ ማስጠናት ጀመርኩ።

አባን ሶፋው ላይ አስቀምጬ "ሦስት ጊዜ ያጨብጭቡ" እላለሁ። ሰባት ያጨበጭባሉ። "ሦስት ላይ ያቁሙ፣ አባ!" እንደገና። ስድስት። እንደገና። ለማነጻጸር ብዬ ሰሚራን አስጨበጨብኳት፤ ሦስት ላይ ቆመች። እሷስ አሜሪካዊት ናት አልኩ። ራሴ አጨበጨብኩ። መንዙማ ላይ ያደግኩት እኔም ሦስት ላይ ቆምኩ። ይህን ውጤት ለማንም አልተናገርኩም።

የዓይኑ ይብሳል። ጭናቸው ላይ ሳህን አድርጌ አንዲት ተምር አስቀምጥና "ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ ይቺን ተምር ይዩ" እላለሁ። አንገታቸውን በሙሉ ያጎነብሳሉ። "አንገትዎን አይደለም፣ ዓይንዎን!" ይሞክራሉ። ዓይናቸው እመሀል ላይ ተተክሎ ቀርቶ ቅንድባቸው ብቻ ይርገበገባል። "ትንሽ ይጣሩ እንጂ፣ አባ!" ብዬ ጮህኩባቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በአባቴ ላይ ጮህኩ። እሳቸው ግን "እሺ ልጄ፣ ነገ እሞክራለሁ" አሉኝ።

ሰሚራ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና "ማም፣ ይሄ ቺቲንግ ነው" አለች።

"አያትሽን ነው የምረዳው!"

"ማንን ነው የምናታልለው ግን?" አለች። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ስትቆጣ አማርኛዋ ይቃናል። ዕቃ አጥቢ ብዬ አባረርኳት።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አባ ወጥ ቤት ውስጥ ወደ ኋላ ወደቁና ጭንቅላታቸው ፍሪጁን መታው። እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። በረዶ ያዝኩላቸው፣ አለቀስኩ፣ ኮፊያቸውን ዝቅ አድርጌ ሸፈንኩት። የሸፈንኩት ከማን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። ጭብጨባው ግን በጣም ተሻሽሎ ነበር። ከአራት ሙከራ ሦስቱን ጊዜ ሦስት ላይ ይቆማሉ። ሲሳካላቸው ወደ እኔ ዞረው "አለፍኩ?" ይላሉ። "አለፉ፣ አባ" እላለሁ።

የቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ዶክተሯ ስልኩን ደወለች፤ አንድ ወንድ መለያ ቁጥሩን ተናገረ። ያው ረጋ ያለው ድምፅ! አገር ሙሉ አስተርጓሚ ሞልቶ እሱ ደረሰን።

"ከባለፈው ወዲህ ወድቀዋል?" ሲል ጠየቃቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእንግሊዝኛ መሬት ላይ መውደቅ ሌላ ቃል ነው፣ ፈተና መውደቅ ሌላ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ግን አንድ ነው። አባ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ሲያጠኑ ከርመዋል።

"እኔ?" አሉ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው። "ኧረ በጭራሽ! ወድቄ አላውቅም። በአንዴ ነው ያለፍኩት!"

አስተርጓሚው አንድም ሳያስቀር ተረጎመው።

"ምኑን ነው ያለፉት?" አለች ዶክተሯ።

"ይቀልዳሉ" አልኩ እኔ በእንግሊዝኛ፣ ቶሎ ብዬ። ሰሚራ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ስለ ፍሪጁ እንድናገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ከዚያ ጭብጨባው መጣ። "ሦስት ጊዜ፣ ቶሎ ቶሎ።" አባ እጃቸውን አነሱ፤ እኔም የምፈተነው እኔ የሆንኩ ይመስል አብሬ እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት...

አላስቻለኝም። አፌን ጆሯቸው አጠገብ አድርጌ በሹክሹክታ "ሦስት ላይ ያቁሙ፣ አባ! እንደተለማመድነው!" አልኳቸው።

አባ አምስት ላይ አቆሙ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ያ የጠራ ድምፅ በእንግሊዝኛ "ልጃቸው እንዲህ ትላለች፦ ሦስት ላይ ያቁሙ፣ አባ፣ እንደተለማመድነው" አለ።

አጃኢብ! ክፍሉ ውስጥ የሰማኸውን ሁሉ ተርጉም። ሹክሹክታም ቢሆን። በሥልጠናው ላይ ይህን በቃል የማስጠናው እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዶክተሯ እኔን አየችኝ፣ አባን አየች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደሳቸው አስጠግታ በቀስታ ተናገረች። አስተርጓሚውም እንደ ሥራችን ደንብ በእሷ አንደበት "እኔ ፈታኝ አይደለሁም፤ ሐኪም ነኝ። እዚህ የሚያልፍም የሚወድቅም የለም" አላቸው።

አባ ኮፊያቸውን ነካ አደረጉ።

"እኔ ግን እወድቃለሁ" አሉ። "ባለፈው ሳምንትም ወድቄያለሁ።" ኮፊያቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አዞሩላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። ጣቷን እያንቀሳቀሰች ዓይናቸውን አየች፤ ወደ ታች አይወርድም። ከኋላ ቆማ ትከሻቸውን ጎተት ስታደርጋቸው አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመዱ እጇ ላይ ተደገፉ። ይህቺኛዋን አላስጠናሁም ነበር። የኤምአርአዩ ምስልም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው አለች። ጭብጨባው ምን ያህል እንደሚያስቆጥር ስጠይቃት "እሱ ትንሹ ነገር ነው፤ በሌላ በሽታም ይታያል፤ በእሱ ብቻ ማንም አይወስንም" አለችኝ። ሁለት ወር የደከምኩበት ትምህርት ፈተናው ላይ ብዙም አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሯን ዘጋችና ለአባ ነገረቻቸው። አሁን "ፖሲብል" አላለችም፤ "ፕሮባብል" አለች። አስተርጓሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ "ሊሆን ይችላል" አለ።

አባ ፊታቸው በራ። "ባለፈውም ሊሆን ይችላል ነበር፣ አሁንም ሊሆን ይችላል ነው። አልባሰም ማለት ነዋ! አልሐምዱሊላህ።"

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ያ ሰውዬ ያለ ስህተት ሲሠራ ቆይቶ የሳታት አንዲት ቃል እኔ የምፈልጋት ቃል ናት። ሰሚራ ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አባም ያዩኛል፣ በዚያ በገረመው ፊታቸው።

"አይደለም፣ አባ" አልኩ። "የአሁኑ ሊሆን ይችላል አይደለም። ሳይሆን አይቀርም ነው ያለችው።"

ከስልኩ ውስጥ "አስተርጓሚው እርማቱን ይቀበላል" የሚል ድምፅ መጣ። ለዶክተሯም ይህንኑ ነገራት። አምርሬ አለቀስኩ፤ ለቅሶ እንደ እድል ሆኖ አይተረጎምም።

አባ ግን አላለቀሱም። "እርግጠኛውስ መቼ ነው የሚታወቀው?" ብለው ጠየቁ።

ዶክተሯ እውነቱን ነገረቻቸው። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሐኪም መድረስ የሚችለው እስከዚህ ነው፤ ፍጹም እርግጠኛ የሚሆነው ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው። አስተርጓሚው ይህንን በጣም በዝግታ ተናገረው።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ውጤቱ ሲመጣ እኔ የለሁም" አሉ። "ለእሷ ንገሯት። ያጠናችው እሷ ናት።"

ዶክተሯ ትርጉሙን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ሰሚራ ሄዳ የአያቷን ጉልበት አቀፈች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "አባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ምን አጠፋሽ? እኔ እኮ መታመሜን ካወቅሁ ቆይቻለሁ" አሉ። "አንቺ ካላስጠናሽ እንቅልፍ አይወስድሽም፤ ትንሽ ያርፍልሽ ብዬ ነው።"

ሁለት ወር ሙሉ እኔ እሳቸውን የማስጠና መስሎኝ፣ ለካ የሚያስታምሙኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ያን "ሳይሆን አይቀርም" የሚል ወረቀት ይዘን ስንሄድ የማይከፈት በር የለም። ሳይገለበጥ የሚቆም ከባድ መደገፊያ ተሰጣቸው። በሳምንት ሁለት ቀን አካሄድ የሚያሠራቸው ባለሙያ ቤት ድረስ ይመጣል። ዓይናቸው ወደ ታች ስለማይወርድ ሳህናቸውን ከፍ ባለ ሳጥን ላይ እናደርገዋለን፤ ሾርባው ደረታቸው ላይ መፍሰሱ ቀርቷል። እብጠቱን በኮፊያ ሸፍኜ ላስቀርባቸው የነበረው ይህ ሁሉ ነው። ከባለፈው ዓመት ይልቅ ደክመዋል፣ ድምፃቸውም ቀጥኗል። ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ግን ጓደኞቻቸው መጥተው መንዙማ ሲሉ አብረው ያጨበጭባሉ፤ ሌላው ሲያቆምም ይቀጥላሉ። ጓደኞቻቸው ያዩና እነሱም እንደገና ይጀምራሉ።

ለመጨረሻ አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። በሥራዬ የሰማሁትን የሰው ጉዳይ አላወራም፤ ይህን ግን ማን፣ የት ሳልል እነግራችኋለሁ። በቅርቡ አንድ ሐኪም አንዲት እናትን "ሦስት ጊዜ ያጨብጭቡ" አላቸው፤ ተረጎምኩ። ጭብጨባው በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከጀርባ አንዲት ሴት በሹክሹክታ "ሦስት ብቻ፣ እማዬ፣ ሦስት ብቻ" ስትል ሰማኋት።

ዞሬ ሶፋው ላይ የተቀመጡትን አባን አየሁ። ሐኪሙ "ሄሎ? አስተርጓሚ?" አለ።

"ልጃቸው እንዲህ ትላለች" አልኩ፤ ተረጎምኩትም። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ያቺ ሴት ያን ቀን እንደረገመችኝ አውቃለሁ። እኔም ያንን የአባን አስተርጓሚ አንድ ሳምንት ሙሉ ረግሜዋለሁ።